ቤት ከመግዛት በፊት የቤቱን መዝገብ ስለ መመርመር

«ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ሰው ቤት ለመግዛት ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው ግድግዳውን፥ ጣሪያውንና የመስኮቱን አቅጣጫ ነው። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ድንጋይና ሲሚንቶ ብቻቸውን ቤትን የሰው ሀብት አያደርጉትም፤ የማን እንደ ሆነ የሚመሰክር ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ግድግዳ ቢሰነጠቅ ግንበኛ ይጠግነዋል። መዝገቡ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ገዢው ደጅ ሲጠና ዕድሜው ያልቃል።

ይህ ጥንቃቄ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ርስት ወይም ቤት የሚገዛ ሰው ውሉን በቤተ ክርስቲያን በሚጠበቅ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ያስጽፍ ነበር። በዚያም የሻጩና የገዢው ስም፥ ዋጋውና የምስክሮቹ ስም ይሰፍር ነበር። ምስክሮቹ ካለፉም በኋላ ክርክር የተነሣ እንደ ሆነ፥ መጽሐፉ ተገልጦ ይታይ ነበር። ውሉ በቅዱስ መጽሐፍ ላይ መጻፉም የሚሰርዘውን እጅ ያስፈራ ነበር።

አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ፥ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ዳግማዊ ምኒልክ የከተማ ቦታ የግል ይዞታ እንዲሆንና ባለቤቱም በጽሑፍ ማስረጃ እንዲይዘው ደንብ አወጡ። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን ባለቤትነት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ አዘዘ። በቁጥር 2878ም ሽያጩ በሦስተኛ ወገኖች ላይ እንዲጸና በመዝገብ መግባት እንዳለበት ገለጠ። የሚያስገርመው ግን ይኸው ሕግ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ የጻፈውን አንቀጽ ራሱ በቁጥር 3363 ለጊዜው ማዘግየቱ ነው። መዝገቡ በሕግ ታሰበ፤ ሥራው ግን ለኋለኛው ትውልድ ቀረ።

ከዚያም ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ባለቤት ሊይዝ የተፈቀደለት አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ነበር። ስለዚህ የአንድ አሮጌ ቤት ፋይል ሲገለጥ ሦስት ዘመናት በአንድ ክምር ተቀምጠው ይገኛሉ። ከጊዜ በኋላ ፎቅ ለብዙ ቤተ ሰቦች መከፋፈል ሲጀምር፥ ስለ ጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ወጣ። በዚህም አዋጅ ገዢው ከራሱ ክፍል ጋር በደረጃው፥ በጣሪያውና በግቢው ላይ የጋራ ድርሻ ያገኛል፤ የጋራ ወጪውንም ይሸከማል። የከተማ መሬት ይዞታን አረጋግጦ ለመመዝገብም አዋጅ ቁጥር 818/2006 ተከተለ።

ይህ ሁሉ ሕግ እያለ መዝገብ እንዴት ሊያውክ እንደሚችል ለማየት፥ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ወደምትገኘው ኮዬ ፈጬ መሄድ ይበቃል። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለ32,653 የ20/80 ቤቶችና ለ18,576 የ40/60 ቤቶች ዕጣ አወጣ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በኮዬ ፈጬ የተሠሩ ነበሩ። ወዲያውም የኦሮሚያ ክልል መንግሥት የወሰኑ ነገር ሳይለይ ቤቶቹን ማስተላለፍ ተቀባይነት የለውም ሲል አስታወቀ። በልዩ ልዩ ከተሞችም ሰልፍ ተደረገ፤ ጉዳዩም ወደ ኮሚቴ ተመራ። ዓመታት ቈጥበው ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ስማቸውን በጋዜጣ እያዩ ቁልፉን ሳይጨብጡ ቆዩ። ሕንፃው ቆሞ ነበር፤ ያልቆመው በየትኛው አስተዳደር መዝገብ እንደሚጻፍ የሚወስነው መሠረት ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ሁለቱ አስተዳደሮች ስለ ወሰናቸው ስምምነት አደረጉ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታን፥ ቡራዩን፥ ሱሉልታን፥ ለገጣፎ ለገዳዲንና ገላንን አዋሕዶ የሸገር ከተማ በተቋቋመ ጊዜ፥ ኮዬ ፈጬ ከክፍለ ከተሞቹ አንዱ ሆነ። በአንድ አስተዳደር ተሠርቶ በሌላው ሥር የገባ ቤት ወረቀቱም ከቤቱ ጋር አብሮ መዛወር ይገባዋል። ይህ መፈጸሙን ማጣራት የገዢው ድርሻ ነው።

ስለዚህ በዚያ ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው እነዚህን ነገሮች ይጠይቅ። መጀመሪያ፥ የብሎኩና የቤቱ ፋይል ዛሬ በየትኛው ጽሕፈት ቤት ይገኛል? ሁለተኛ፥ በካርታው ላይ ያለው ስም የሻጩ ነውን? ባለትዳርስ እንደ ሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቅዷልን? ሦስተኛ፥ የባንኩ ዕዳ ተከፍሎ መያዣው ተነሥቷልን? አራተኛ፥ በዕጣ የተሰጡ ቤቶች አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይሸጡ በአዲስ አበባ ሕግ ተደንግጎ ስለ ነበር፥ ይህ ቤት ከእገዳው ነጻ ነውን? ብዙ ሰዎች እገዳውን ለማለፍ በውክልና ብቻ ይገዛሉ። ነገር ግን በሕጉ መሠረት ወካዩ የሞተ እንደ ሆነ ውክልናው በመደበኛው ይቀራል፤ ያን ጊዜ ገዢው በገንዘቡ በገዛው ቤት ከወራሾች ጋር ይከራከራል።

ፋይሉን እስከ መጨረሻው የገለጠ ሰው ከቤቱ በፊት እርሻ እንደ ነበረ ያገኛል። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ገበሬው መሬቱን ለዘለቄታው ሲለቅ የሚከፈለው ካሣ የዓመታዊ ገቢው አማካይ በዐሥር ተባዝቶ ነበር፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ዐሥራ አምስት እጥፍ ሆነ። የማባዣው መጨመር የቀድሞው እንዳልበቃ የሚመሰክር ነው። እንግዲህ በኮዬ ፈጬ የሚገዛ ሰው ከገበሬው ማሳ ላይ የበቀለ ቤት መግዛቱን ይወቅ። መዝገብ መመርመር ገንዘብን ከመጥፋት ያድናል፤ ከዚህም በላይ ሰው የሚኖርበት ቤት ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ መጣ አውቆ በሩን እንዲከፍት ያደርገዋል።