ሞሎኮ ስንት አናባቢ አለው? የአንድ ጥያቄ ታሪክ



ስለ ቻዳዊ ቋንቋዎች ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ሐውሳን ብቻ ነው። ሆኖም በዚህ ክፍል ውስጥ ከ150 የሚበልጡ ቋንቋዎች አሉ፤ ሁሉም እንደ ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋዎቻችን ከአፍሮኤስያዊ ቤተሰብ ይመደባሉ። ዛሬ የማወሳው ከእነርሱ አንዱን፣ በካሜሩን ከማሩዋ ከተማ በስተሰሜን የሚነገረውን ሞሎኮን ነው። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ሞሎኮ ስንት አናባቢ አለው?

በጆሮ ብቻ የሚቆጥር ሰው ወደ 10 ያህል ይሰማል። ነገር ግን እነዚህ ድምፆች በአንድ ቃል ውስጥ እንደ ልብ አይደባለቁም። ቃሉ ላንቃዊ ከሆነ አናባቢዎቹ ወደ «ኤ»ና ወደ «ኢ» ያደላሉ፤ «ስ»ም «ሽ»፣ «ዝ»ም «ዥ» ይሆናል። ቃሉ ከንፈራዊ ከሆነ ወደ «ኦ»ና ወደ «ኡ» ያዘነብላሉ። ሁለቱም ባሕርያት በሌሉበት በመሠረቱ የሚቀሩት «አ» እና ተነባቢዎችን ለማያያዝ የሚገባ እንደ «እ» ያለ አጭር ድምፅ ናቸው። እንግዲህ መሠረታዊው አናባቢ አንድ «አ» ብቻ ነው፤ የቀረው ቀለም የቃሉ ነው ማለት ነው። ዳያን ፍሪሰን እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው የሞሎኮ ሰዋስው የደረሰችበት ድምዳሜም ይኸው ነው።

ይህ አስተሳሰብ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1948 የለንደኑ ጄ. አር. ፈርዝ አንዳንድ የድምፅ ባሕርያት የአንድ ፊደል ሳይሆኑ የክፍለ ቃሉ ወይም የቃሉ ሁሉ ናቸው ሲል ጻፈ። በ1956 ኤፍ. አር. ፓልመር ይህንኑ ሐሳብ ለትግረ አናባቢዎች አዋለው። በመካከለኛው ቻዳዊ ቅርንጫፍ ጥናት ውስጥም ሐሳቡ ቀስ በቀስ ሥር ሰደደ። በ2014 ሪቻርድ ግራቪና የቅርንጫፉን ጥንታዊ የድምፅ ሥርዓት መልሶ ሲያዋቅር፣ ላንቃዊነት ያኔም የቃል ባሕርይ እንደ ነበረ፣ ከንፈራዊነት ግን እንደ «ኰ»ና «ጐ» ባሉ ተነባቢዎች ላይ ብቻ ያረፈ እንደ ነበረ አመለከተ። የሞሎኮ ከንፈራዊነት እንግዲህ ከተነባቢው ተነሥቶ ቃሉን የወረሰ ነው።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «ቈጠረ» ብለን ብንጽፍም «ቆጠረ» ብለን፣ የከንፈሩ ሥራ ከተነባቢው ወደ አናባቢው ሲሻገር እናያለን። «ክፈት» ለሴት «ክፈቺ» ሲሆንም ላንቃዊነት «ት»ን ወደ «ች» ይለውጣል። ይሁንና መመሳሰል ብቻውን የውርስ ማስረጃ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ለውጥ በማይዛመዱ ቋንቋዎችም ራሱን ችሎ ይነሣል።

ፍሬ ነገሩ በአቈጣጠሩ ላይ ነው። ሁለት ዘመዳሞች ቋንቋዎች ለአንድ ቃል አንዱ «ኤ»፣ ሌላው «አ» ቢያሰሙ፣ አናባቢን በአናባቢ የሚያነጻጽር ተመራማሪ ሥርዓት አልባ ልዩነት ያያል፤ የቃሉን ቀለም ለብቻው ያነሣ ግን ዝምድናቸውን ያገኛል። ስለዚህ ገና ያልተጠና ቋንቋ ለመመዝገብ የሚወጣ ተማሪ «ስንት አናባቢ አለ?» ከማለቱ በፊት «ይህ ባሕርይ የማን ነው፤ የድምፁ ወይስ የቃሉ?» ብሎ ይጠይቅ።