ከኪንታሮት ማስታወቂያ እስከ ሲኢኤ

አዳማ ውስጥ የመብራት እንጨት ባለበት ማስታወቂያ አይጠፋም። ኪንታሮት ያለ ኦፕሬሽን እናድናለን የሚለው ደግሞ ከ«የሚከራይ ቤት» እኩል ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ከሰገራው ጋር ደም ያየ ሰው መጀመሪያ የሚገምተውም ኪንታሮትን ነው። ካልሆነ አሜባ። ወንጂ ወይም ባቱ (ዝዋይ) ያደገ ከሆነ ቢልሃርዚያም አለ፤ የመስኖውና የሐይቁ ቀንድ አውጣ ስጦታ! ብዙ ጊዜ ግምቱ ልክ ይሆናል። ችግሩ የትልቁ አንጀት ካንሰርም በዚያው በር መግባቱ ነው። በአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ደግሞ ወንዶች ላይ በብዛት ከሚገኙት ካንሰሮች አንዱ ይኸው ነው።

ታዲያ በደም ምርመራ መለየት አይቻልም? እ.ኤ.አ. በ1965 ሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊል ጎልድና ሳሙኤል ፍሪድማን ከየበሽተኛው አንጀት ዕጢውንም ጤነኛውንም ክፍል ወስደው አነጻጸሩ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም የአንድ ሰው ሥጋ ስለሆኑ ልዩነት ከተገኘ የካንሰሩ እንጂ የሰውየው አይደለም። ዕጢው ላይ ያገኙት ፕሮቲን በፅንስ አንጀት ውስጥም የሚገኝ ሆነ። በአጭሩ ሲኢኤ ተባለ። በ1969 ከደም መለካት ሲቻል ተስፋው ጣራ ነካ።

ብዙም አልቆየ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይም ከፍ ይላል፤ ጉበቱ የታመመም ላይ። ገና የጀመረ ካንሰር ደግሞ ጭራሽ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሲኢኤ እስከ ዛሬ የሚያገለግለው በዋናነት ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሽታው መመለስ አለመመለሱን ለመከታተል ነው። ደም እያየ «ሲኢኤዬ ኖርማል ነው» ብሎ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው፣ የእንጨቱን ማስታወቂያ ካመነው በምን ይሻላል?

ቀጥሎ ሌላ ፕሮቲን መምታት መጣ። በ2004 አሜሪካ ሴቱክሲማብን ፈቀደች። (በዚያው ዓመት የቴሌቪዥኗ ዝነኛ ማርታ ስቱዋርት እስር ቤት የገባችው በዚሁ መድኃኒት ኩባንያ አክሲዮን ሽያጭ ጉዳይ መርማሪዎችን ዋሽታለች ተብላ ነው። ካንሰርና ገንዘብ!) መድኃኒቱ በሴሉ ገጽ ላይ ሆኖ «እደግ» የሚለውን ትእዛዝ የሚቀበለውን ኢጂኤፍአር የተባለ ፕሮቲን ይዘጋል። ግን ብዙዎቹን አልረዳም። ምክንያቱ በ2008 ግድም ጠራ፦ ከበሽተኞቹ 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ኬራስ የተባለው ጂናቸው ተለውጧል። የባጃጁን ቁልፍ ብትነቅሉም ሽቦው በቀጥታ ከተያያዘ ሞተሩ አይጠፋም፤ እንደዚያ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ጂኑ መመርመር አለበት።

እኛ ጋ ደግሞ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከአዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። የጂን ምርመራው ለአብዛኛው ሰው አሁንም ሩቅ ነው። አንጀትን በካሜራ የሚያየው ኮሎኖስኮፒም በየከተማው አይገኝም። የፊንጢጣ ዕጢን ግን ሐኪም በጣቱ ዳብሶ ሊያገኘው ይችላል። ወጪው አንድ ጓንት ነው።