ሶፋው ላይ የምትተኛው ድመት

እ.ኤ.አ. በ1979 የኒውዮርክ የእንስሳት ሐኪሞች ከዚያ በፊት በድመት ላይ ያልታወቀ ሕመም ይፋ አደረጉ። ዕድሜያቸው የገፋ ድመቶች እየበሉ ይከሳሉ፤ የታይሮይድ ዕጢያቸው ከልክ በላይ ይሠራል።

በእነዚያው ዓመታት የሶፋ ስፖንጅ እሳት ቶሎ እንዳይዘው ፒቢዲኢ የተባሉ ኬሚካሎች ይጨመሩበት ጀመር። ኬሚካሉ እየለቀቀ ከቤት አቧራ ጋር ይቀላቀላል፤ ድመቷም ጸጉሯን ስትልስ ትውጠዋለች። በ2007 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ተመራማሪዎች 23 ድመቶችን መርምረው፣ በደማቸው ውስጥ በአገሪቱ አዋቂዎች ከሚገኘው ከ20 እስከ 100 እጥፍ የሚበልጥ መጠን አገኙ።

የሕመሙ መንስኤ ይኸው ነው ለማለት ማስረጃው ገና አልተሟላም። ከኬሚካሎቹ የሁለቱ ምርት አሜሪካ ውስጥ በ2004 መጨረሻ ቆሟል። አሮጌ ሶፋ ግን ቶሎ አይጣልም። ድመቷ በምትንከባለልበት ወለል ላይ ሕፃንም ይድሃል፤ እጁንም አፉ ይከታል።