ስም ያላቸው፣ ታሪክ የሌላቸው የካፋ እንቁራሪቶች

አማርኛችን ለእንቁራሪት ብዙም ደግ አልሆነም። ዝሆንን አክላለሁ ብላ ተነፍታ የተሰነጠቀችው እሷ ናት። በተረታችን የከንቱ ምኞት ምሳሌ ሆና ቀርታለች። በሳይንስ ታሪክ ግን ሌላ ቦታ አላት። የሰው ልጅ ስለ ራሱ አጀማመር ካወቀው ብዙውን የተማረው ከእንቁራሪትና ከዘመዶቿ እንቁላል ነው። ዛሬ የምናነሳው ይህንን ታሪክ ነው፤ መድረሻችን ደግሞ የካፋ ደን ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ጥያቄው፦ ለምን እንቁራሪት?

የሰው ፅንስ በማኅፀን ተሰውሮ ያድጋል። የጫጩት በቅርፊት ውስጥ ነው። የእንቁራሪት ግን ከእናቷ ሆድ ውጭ፣ በውሃ ውስጥ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ዝልግልግ ነገር ተሸፍኖ ይታያል። በቤተ ሙከራ በጣም የታወቀችው የአፍሪካ እንቁራሪት ዜኖፐስ እንቁላል ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ በዓይን ይታያል። ላዩ ጠቆር ያለ ነው፣ ታቹ ነጣ ያለና ስንቅ የተከማቸበት። የወንዱ ዘር ሲገባ የእንቁላሉ የላይኛው ሽፋን በ30 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። ዘሩ ከገባበት በተቃራኒ ያለው ጎን የወደፊቱ ጀርባ ይሆናል። ገና አንድ ሕዋስ ሳለ ጀርባና ሆዱ ተለየ ማለት ነው።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ እንቁላሉ ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ እየተከፈለ፣ ከ12 ዙር በኋላ ወደ 4,000 ሕዋሳት ይደርሳል። እስከዚያ ድረስ የሚሠራው በአብዛኛው እናቱ በሰነቀችለት ነው፤ የራሱ ዘረመል በሙሉ ኃይሉ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ጭራ ያለው እጭ ሆኖ ይዋኛል። አንድ ተማሪ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቁጭ ብሎ የአንድን ሕይወት አጀማመር በዓይኑ ሊያይ ይችላል።

ይህን ዕድል በሚገባ ከተጠቀሙት አንዱ በጀርመን ፍራይቡርግ የሠራው ሃንስ ሽፔማን ነበር። ከተማሪው ከሂልደ ማንጎልድ ጋር የእንቁራሪት ዘመድ በሆነው ኒውት ላይ ሠሩ። ከአንዱ ሽል ትንሽ ቁራጭ ወስደው በሌላው ሆድ በኩል ተከሉት። ሁለተኛ ጀርባ፣ ሁለተኛ የነርቭ ቱቦ ያለው፣ እንደ መንትያ የተጣበቀ ሽል በቀለ። የሁለቱ ሽሎች ቀለም የተለያየ ስለነበር፣ የተተከለችው ቁራጭ ጎረቤቶቿን ሕዋሳት «አካል ሁኑ» ብላ እንዳዘዘች በግልጽ ታየ። ጥናቱ በ1924 ታተመ። ማንጎልድ በዚያው ዓመት በቤት ውስጥ በደረሰ የእሳት አደጋ በ25 ዓመቷ ሞተች። ሽፔማን በ1935 ኖቤል ተሸለመ።

የሥራ መሣሪያዎቻቸውን ልብ በሉ፦ አጉሊ መነጽር፣ በእሳት የተሳለ የመስታወት መርፌ፣ ከሕፃን ፀጉር የተሠራ ቀለበት። ይህን በኋላ እንመለስበታለን።

ታሪኩ ወደ አፍሪካ የመጣው በአጋጣሚ ነው። እንግሊዛዊው ላንስሎት ሆግበን በኬፕታውን ሲያስተምር፣ የበሬ ፒቱታሪ ዕጢ ጭማቂ የተወጋች ዜኖፐስ እንቁላል እንደምትጥል በ1930 አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ ይህ ወደ እርግዝና ምርመራ ተቀየረ። የሴት ሽንት እንቁራሪቷ ላይ ይወጋል፤ ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች እንቁራሪቷ በአንድ ሌሊት እንቁላል ትጥላለች። በዚህ ምክንያት የደቡብ አፍሪካ እንቁራሪቶች በየሀገሩ ሆስፒታሎች ተሠራጩ። ዓመቱን ሙሉ በአንድ መርፌ እንቁላል ማግኘት ስለተቻለም የሽል ተመራማሪዎች ወደ እሷ ዞሩ። በኡትሬክት ኒውኩፕና ፋበር ከእንቁላል እስከ ትንሽ እንቁራሪት ያለውን ዕድገት በ66 ደረጃዎች ከፍለው በ1956 መጽሐፍ አወጡ። በኦክስፎርድ ጆን ጎርደን ከእጭ አንጀት ሕዋስ አስኳሉን ወስዶ፣ የራሱ አስኳል ከሥራ ውጭ በተደረገ እንቁላል ውስጥ ከተተው። ሙሉ ሕይወት ያለው ፍጥረት ወጣ። በ1962 የታተመው ይህ ሥራ በ2012 ኖቤል አስገኘለት። ልጅ ሳለ በትምህርት ቤቱ በባዮሎጂ ከ250 ተማሪዎች መጨረሻ ወጥቶ፣ ሳይንቲስት የመሆን ሐሳቡን መምህሩ ከንቱ ብሎበት ነበር።

እንቁራሪቷ አፍሪካዊት፣ መጽሐፉና ሽልማቱ የአውሮፓ። እኛ ደግሞ የዚህችው እንቁራሪት የሥጋ ዘመድ አለችን። ዜኖፐስ ክሊቪ የምትባለው ዝርያ ከ1898 ጀምሮ በሳይንስ ትታወቃለች፤ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ትኖራለች። በ2011 የታተመ ጥናት ታላቁ ስምጥ ሸለቆ በምሥራቅና በምዕራብ ያሉትን ወገኖቿን እንደለያያቸው አሳይቷል።

አሁን ወደ ካፋ እንሂድ። ካፋ ነፃነቱን ያጣው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በተያዙበት በ1897 ነው። ከዚያ በኋላ በሩ ለአሳሾች ተከፈተ። በ1901 ጀርመናዊው ኦስካር ኖይማን ካፋን አቋርጦ ወደ ሱዳን ሲያልፍ የሚሰበስበው ወፍና እንስሳ ነበር። እሱና የጉዞ ጓደኛው ኤርላንገር ወደ በርሊን ከላኳቸው መካከል እንቁራሪቶችም ነበሩ። ኤርንስት አል የተባለ ሊቅ ሁለት የሣር እንቁራሪቶችን በሁለቱ ስም ጠራቸው። ዓመቱ 1924 ነበር።

ግጥምጥሞሹን ተመልከቱት። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሀገር፣ አንዱ ከተማ ሕይወት እንዴት እንደሚጀምር በሽል ላይ ይመረምራል፤ ሌላው ከተማ ከእኛ ሀገር በአልኮል ተነክረው ለመጡ እንቁራሪቶች ስም ያወጣል። የእኛ ድርሻ ስም የሚወጣለት ነገር መላክ ብቻ ነበር።

ስም ማውጣቱ ቀጥሏል። በደቡብ ምዕራብ ደኖች የሚኖር አንድ የዛፍ እንቁራሪት በ1898 በጣሊያናዊው ተጓዥ ቫኑቴሊ ስም ተጠራ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ማልኮልም ላርገን በ1974 አንዷን «አፍሪክሳለስ ኤንሴቲኮላ»፣ የእንሰት ነዋሪ፣ አላት። ቢያንስ ይህ ስም ከጓሯችን የተወሰደ ነው። ዩኔስኮ የካፋን ደን በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዘገበ፤ ስፋቱ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። በ2014 መጨረሻ የጀርመኑ ናቡ ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር ሰፊ የብዝኃ ሕይወት ዳሰሳ አደረገ። በ2019 በጉራ ፈርዳ ከሚገኘው ቢቢታ ተራራ አዲስ ዝርያ ተገለጸ። በ2021 ደግሞ አንዲት የኢትዮጵያ የሣር እንቁራሪት «ፕቲካዴና ዶሮ» የሚል ሳይንሳዊ ስም አገኘች።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ስም ማወቅ ኑሮን ማወቅ አይደለም።

የዛፍ እንቁራሪቶቹን ውሰዱ። ሌፕቶፔሊስ የሚባለው የእነ ቫኑቴሊ ወገን እንቁላሉን የሚጥለው ውሃ ውስጥ አይደለም፤ በውሃ አጠገብ፣ በእርጥብ አፈር ውስጥ ቀብሮ ነው። እጮቹ ከተፈለፈሉ በኋላ እየተንፏቀቁ ወደ ውሃው ይገባሉ። ስለዚህ የደኑ ወለል ከደረቀ ቀድሞ የሚሞተው ዛፍ ላይ የምትጮኸው እናት አይደለችም፤ አፈር ውስጥ ያለው እንቁላል ነው። ጥላ ዛፉ በተመነጠረ የቡና ማሳ ውስጥ ማታ የእንቁራሪት ድምፅ ስለሰማን ብቻ «ደኑ ደህና ነው» ማለት አንችልም። ትልቆቹ ለጥቂት ዓመታት ይጮኻሉ፤ ከኋላቸው ግን የሚተካ ላይኖር ይችላል። ይህን የሚነግረን የዝርያ ዝርዝር ሳይሆን የእንቁላሉ ታሪክ ነው፦ የት ይጣላል? በየትኛው ወር? ስንት ቀን እርጥበት ይፈልጋል?

እንዲህ ያለ ጥናት በሀገራችን ምን እንደሚያወጣ በባሌ ታይቷል። በ1978 በላርገን ስም የተጠራችው ትንሽ የባሌ ተራሮች ጉርጥ፣ አሜሪካዊቷ ማርቫሊ ዌክ በ1980 ባሳተመችው ጥናት ትታወቃለች። እንቁላሏ ትልቅና ስንቀ ብዙ ነው፤ የምትጥለው በየብስ ላይ ነው፤ እጮቿም ሳይመገቡ በስንቃቸው ያድጋሉ። ኩሬ ሳያይ የሚያድግ የጉርጥ ሽል! የካፋና የዴቻ ደኖችስ ምን ይዘው ይሆን?

መዘግየት ዋጋ አለው። በአውስትራሊያ በ1970ዎቹ አንዲት እንቁራሪት ልጆቿን በጨጓራዋ ውስጥ እንደምታሳድግ ታወቀ። ጨጓራዋ ለሳምንታት አሲድ ማመንጨት ያቆማል፤ ልጆቿ በአፏ ይወጣሉ። ለጨጓራ ቁስለት ሕክምና ፍንጭ ትሰጣለች ተብሎ ነበር። በ1981 በዱር ለመጨረሻ ጊዜ ታየች፤ ጥያቄው ከእሷ ጋር ተቀበረ። በእኛም ሀገር በ2012 የታተመ ጥናት፣ በዓለም ላይ ብዙ እንቁራሪቶችን የፈጀው ኪትሪድ የተባለ ፈንገስ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በስፋት መኖሩን አረጋግጧል።

«ሕዝብ ዳቦ ሲቸግረው ስለ እንቁራሪት ሽል ታወራለህ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ቅርብ ነው። ቅርፊት የሌለው እንቁላል ውሃው ውስጥ ያለውን ሁሉ ይቀምሳል፤ የማሳ መድኃኒትም ሆነ የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ አይሰወርበትም። የካፋ ውሃ ደግሞ በጎጀብ አድርጎ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞ ላይ የኤሌክትሪክ ግድቦቻችን አሉ። ደኑ ለቡናው፣ ለማሩና ለወንዙ የሚሰጠውን እርጥበት ማጣት ሲጀምር፣ ቀድሞ ሊነግረን ከሚችለው አንዱ ይህ አንድ ሚሊሜትር እንቁላል ነው።

ገንዘብ የለም የሚለውም ብዙ አያስኬድም። የሽፔማንን ዕቃ አስታውሱ፦ መነጽር፣ መርፌ፣ ፀጉር። ለመነሻው ደግሞ ይህም አያስፈልግም። ቦንጋ፣ ጅማና ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ደን ቅርብ ናቸው። ደኑን በማኅበር ተደራጅተው የሚጠብቁ ገበሬዎች ደግሞ የትኛዋ እንቁራሪት በየትኛው ዝናብ እንደምትጮኽ ከማንም በላይ ያውቃሉ። አንድ መምህር፣ ሁለት ተማሪና አንድ የደን ጠባቂ የአንዲት ዝርያን እንቁላል ከተጣለበት ቀን እስከ እጭነቱ ተከታትለው በየሰዓቱ ቢመዘግቡ፣ ለአንድ የማስተርስ ጽሑፍ ይበቃል። ለሀገሪቱ ደግሞ መቶ ዓመት የዘገየ ሥራ ጅምር ይሆናል።

ከኖይማን እስከ ላርገን ስሙን ሌሎች አወጡልን፤ ልናመሰግናቸው ይገባል። ታሪኩን ለመጻፍ ግን አልኮል ውስጥ የተቀመጠ እንቁራሪት አይበቃም። ዝናቡ ሲጥል እዚያው ደኑ ውስጥ የሚገኝ ሰው ይፈልጋል። እዚያ ያለነው ደግሞ እኛ ነን።