ሱልሕ፦ ጠብን በእርቅ የመፍታት ታሪካችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

በዱቤ ሒሳብ ወይም በውርስ ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ በአንድ ሶፍ የሚሰግድ ከመካከላችን አይጠፋም። ይህች ጽሑፍ ለእርሱም ለሁላችንም ናት።

ሁለቱን ወገን ሰምቶ መወሰን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ615 ሶሓቦች ወደ ሐበሻ ከተሰደዱ በኋላ የቁረይሽ መልእክተኞች እጅ መንሻ ይዘው መጥተው ስደተኞቹን አስረክበን አሉ። ነጃሺ ግን ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብን ሳይሰማ አልወሰነም፤ ከሰማም በኋላ እጅ መንሻውን መለሰ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ገና ነቢይ ሳይሆኑ፣ ጥቁሩን ድንጋይ ማን በቦታው ያኑር ብለው ጎሳዎች ሊፋጁ ሲደርሱ፣ ድንጋዩን በጨርቅ ላይ አድርገው ሁሉም ጫፉን ይዞ እንዲያነሣ አደረጉ። ማንም አፍሮ አልተመለሰም።

ሱረቱ ኒሳእ በ35ኛው አንቀጽ ለተጣሉ ባልና ሚስት ከሁለቱም ቤተሰብ አንዳንድ ሽማግሌ እንዲቆም ያዛል። ልብ በሉ፤ የሚስትም ወገን እኩል ተቀምጧል።

የመንግሥት ሕግም ይህን መንገድ አልዘጋም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶች አዋጅ ለጋብቻ፣ ለውርስና ለወቅፍ ጉዳይ የሸሪዓ ዳኝነትን አቋቋመ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የእርቅ ውልን ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ቆጠረው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ተከራካሪዎች ከተስማሙ በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን ፈቀደ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አሠራር አዋጅ ወጣ።

ከተማችን ጋምቤላም የንግድ ልጅ ናት። ከ1894ቱ የምኒልክና የእንግሊዝ ውል በኋላ የንግድ ጣቢያ ሆና፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጣው መርከብ ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። ቋንቋው በበዛበት ገበያ ዱቤ የሚቆመው በመተማመን ነው፤ መተማመንን የሚጠግነውም እርቅ ነው።

ሆኖም ተጠንቀቁ። ሐራሙን ሐላል የሚያደርግ ሱልሕ ሱልሕ አይደለም። «ለሰላም ሲባል» ተብሎ ሴት መህሯን፣ የቲም ውርሱን እንዲተው ከተጫነበት፣ የታረቀው ጉልበተኛው ብቻ ነው። ደም የፈሰሰበት ነገርም ለሕግ ይቅረብ። ሽማግሌ ስትሆኑ እንደ ነጃሺ ሁለቱንም ስሙ፣ እጅ መንሻ መልሱ፤ የተስማሙበትንም በምስክር ፊት ጻፉት።

አንባቢ ሆይ፣ የተኳረፍከው ወንድም ካለህ ከዛሬ ጁሙዓ አታሳልፈው። አላህ (ሱ.ወ.) ልቦቻችንን ያስማማ። አሚን።