ጃንጥላው፣ ደብዳቤውና ማኅተሙ

ጠዳ ከጎንደር በስተደቡብ፣ ከአዘዞ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። እንዲህ ባሉ የመንገድ ዳር ከተሞች የቆየ ልማድ አለ፦ ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ ሥዕለ አድኅኖ ቆሞ፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ከመንገደኛ ይለመናል።

ጥንት የልመናው ዋስትና ትውውቅ ነበር። አጥቢያው ካህኑን፣ ዕድርተኛው ዳኛውን ያውቃል። መንገደኛው ግን ሁለቱንም አያውቅም፤ ለእሱ የሚመሰክርለት ወረቀት ነው። በ1965 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ክርስቲያኒቱ ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲ፣ የደብርን አስተዳደር ካህናትና ምእመናን በሚመረጡበት ሰበካ ጉባኤ ሥር አደረገ። እውነተኛ የልመና ደብዳቤ የደብሩን ስም፣ ቁጥርና ቀን፣ የአስተዳዳሪውን ፊርማና ክብ ማኅተም ይይዛል። ደረሰኙም ተራ ቁጥር አለው፤ ዋናው ለሰጪው ተቀዶ ሲሰጥ ቅጂው ከጥራዙ ጋር ይቀራል። ገንዘቡን ከመዝባሪ የሚጠብቀው ይህ ቅጂ ነው፤ ደረሰኝ መጠየቅም በምንም መንገድ ነውር አይደለም።

የደብር ወረቀት ከቤተ ክህነት ሲመጣ የሌሎች ማኅበራት ከመንግሥት ይመጣል። ከቤተ ክህነት ውጭ ያሉ ማኅበራትን መንግሥት መመዝገብ የጀመረው ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በኋላ በ1959 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ነው። በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621 መጣ፤ በውጭ ገንዘብ ላይ ባደረገው ገደብ ብዙ ማኅበራትን ጎዳ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ተካው። ዛሬ ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ ድርጅት የምዝገባ የምስክር ወረቀቱን የሚያገኘው ከፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው፤ በአማራ ክልል ብቻ የሚሠራው ደግሞ በክልሉ ይመዘገባል።