የመጀመሪያው እርሾ ከየት መጣ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በገባን ሰሞን በራችንን ያንኳኳችው ጎረቤት ባዶ ስኒ ይዛ ነበር። «እርሾ ይኖራችኋል?» እኛ እንጀራ ከሱቅ ስለምንገዛ አልነበረንም። ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ አገኘች።

ያን ቀን አንድ ነገር ማሰብ ጀመርኩ። የሦስተኛ ፎቋ እርሾ ከእናቷ ይሆናል። የእናቷስ? የመጀመሪያው ከየት መጣ?

ይህንኑ ጥያቄ ኮምቡቻ ጠጪዎችም ይጠይቃሉ። ኮምቡቻ ስኳር የገባበት ሻይ ቦክቶ የሚሠራ ጎምዛዛ መጠጥ ነው። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ስልባቦት የመሰለ ወፍራም ሽፋን «እናት» ይሉታል፤ እንደ እርሾ ከቤት ቤት ይቀባበሉታል። እንግሊዛዊው ኬሚስት አድሪያን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1886 እንዳሳየው እንዲህ ያለውን ሽፋን የሚሠራው ባክቴሪያ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎችና አብረዋቸው የሚሠሩት የእርሾ ዘሮች በፍራፍሬ ልጣጭ፣ በአበባና በትናንሽ ዝንቦች ገላ ላይ ይኖራሉ። ጣፋጭ ነገር ክፍት ካገኙ ይሰፍሩበታል። የመጀመሪያዋን «እናት» የፈጠረ ሰው የለም።

የእኛም እንዲሁ ነው። የጤፍ ዱቄት በውሃ ተለውሶ ያለ እርሾ ቢቀመጥ ይዘገያል እንጂ ይቦካል። አቡኪዎቹ ከጤፉ፣ ከቡሃቃውና ከጋጋሪዋ እጅ ይመጣሉ። ጠጅም ቢሆን በማሩና በጌሾው ላይ ባሉት ነው የሚፈላው።

ታዲያ የሰው ድርሻ ምንድን ነው? መርጦ ማቆየት። ሉዊ ፓስተር መጎምዘዝ የሕያዋን ሥራ መሆኑን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1857 ነው። እናቶቻችን ስሙን ሳያውቁ፣ ከሊጡ ላይ የሚጠለለውን ቢጫ ውሃ ለቀጣዩ ሊጥ እያስቀሩ፣ ቡሃቃውን አሟጠው ሳያጥቡ አቆይተውታል።

ያልተጻፈ እውቀት ግን ባለቤት የሌለው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። የሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ ያለውን ፓተንት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው።

ከኩባንያ ፍርድ ቤት ያስጥላል። ከራሳችን መዘንጋት ግን ማን ያስጥላል? ተፈጥሮ እርሾን በነጻ ትሰጣለች፤ የአንድን ቤት ጣዕም ግን ከተቋረጠ በኋላ አትመልስም።

ባለፈው ሳምንት እኛም ሊጥ አቦካን። ስኒ ይዘን ያንኳኳነው የዚያችን ጎረቤት በር ነው።

የእናንተ ቤት እርሾ ከማን መጣ? እናቶቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ።